ጆሮ የሚወጋ ስፒከር፣ ሶስት አምፕሊፋየር እና አንድ ባዶ ሳሎን

ለምን እንደጻፍኩት

ሰው ቤት እየሄድኩ ሳውንድ ሲስተም ሳስተካክል አንድ ጥያቄ በጣም ይደጋገምብኛል፣ «ስፒከሬ ድምፁ ስል ነው፣ ጆሮ ይወጋል፣ ለስለስ የሚያደርግልኝ ምን አይነት አምፕሊፋየር ልግዛለት?» የሚል። የዚህ መልስ ባንድ አረፍተ ነገር አያልቅም፣ ስለዚ አንድ ቤት የሰራሁትን ከነልኬቱና ከነስህተቱ አሰፍረዋለሁ። ቤተሰቡ ፈቅደውልኛል፣ ስም ግን አልጠራም፣ የእቃዎቹንም ብራንድ ትቻለሁ፣ ብራንዱ ሌላ ቢሆንም ታሪኩ ብዙም አይቀየርም ነበር።

ቤቱና እቃው

ሰውየውን ጋሼ ልበላቸው፣ ስልሳ የሚጠጉ ናቸው፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ከ20 አመት በላይ ኖረው ጠቅልለው የገቡ። ቤታቸው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው። ሲመጡ ከእቃቸው ጋር የጫኑት አንድ ጥንድ ስፒከር አለ፣ ስታንድ ላይ የሚቀመጥ፣ 16 ሳንቲም ተኩል ውፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) እና 25 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ዶም ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) ያለው። ሪሲቨሩም፣ ማለትም ሬዲዮና አምፕሊፋየር አንድ ላይ የያዘው፣ እዛው የገዙት ነው፣ የ120 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የሚሰራው።

ሳሎኑ ርዝመቱ 4.2፣ ወርዱ 3.6፣ ከፍታው 2.7 ሜትር ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ተለስኖ ቀለም የተቀባ፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ በግራ በኩል ትልቅ የመስታወት መስኮት ስስ መጋረጃ ያለው። ሶፋው የኋላ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ከሱ ሌላ ቡፌና ቲቪ ብቻ ነው ያለው። ጋሼ ስፒከሮቹን ከግድግዳ አርቀው ነው ያስቀመጧቸው፣ ከስፒከሩ ፊት እስከ ግድግዳው 80 ሳንቲም፣ ፊታቸውንም ቀጥ አድርገው ወደ ሶፋው አዙረዋል። «ከግድግዳ ይራቅ፣ ትዊተሩ ጆሮህን ይይ» የሚል ምክር አንብበው ነው፣ ምክሩ ደግሞ በጥቅሉ ሲታይ ስህተት አይደለም።

የሚሰሙትም ነገር መታወቅ አለበት። ጋሼ የድሮውን የኦርኬስትራ ዘመን ዘፈን ነው የሚወዱት፣ ትራምፔትና ሳክስፎን የበዛበትን፣ ከዛ ማሲንቆ። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ በገና፣ በተለይ ጾም ሲገባ።

ችግሩ

መጀመሪያ ቀን የገባሁ ጊዜ ጋሼ ሻይ ሳይቀርብ አንድ ዘፈን ከፈቱልኝ። ትራምፔቶቹ አንድ ላይ ሲነሱ ትከሻዬ ሳላስበው ወደላይ ተሰበሰበ። ዘፋኙ «ሰ» እና «ጸ» ያለበት ቃል ላይ በደረሰ ቁጥር ፊደሏ ከቃሉ ተነጥላ ብቻዋን ትወጣለች። እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ ጆሮ ይወጋል፣ እሱ ሲከፍተው እኔ ጓዳ ነው የምገባው» አሉኝ። ጋሼ ምንም አልመለሱም፣ ድምፁን ብቻ ቀነስ አደረጉት።

ቀጥሎ በገና አስከፈትኩ፣ ነገሩ የገባኝም እዛ ላይ ነው። በገና 10 አውታር አለው፣ አውታሩ ካረፈበት እንጨት መሃል የምትገባዋ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ናት ያንን ንዝር የምትሰጠው፣ የንዝሩ ስር ግን ሆድ ውስጥ የሚገባ ወፍራም ድምፅ አለ። እዚህ ቤት የሚሰማው ንዝሩ ብቻ ነው። ወፍራሙ ድምፅ የለም። ስለዚ ችግሩ የላይኛው ድምፅ መብዛት ብቻ ሳይሆን የታችኛው መጥፋትም ነበር፣ ይሄ ሁለቱ ጆሮ ላይ አንድ ይመስላሉ፣ መድሃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

እኔ ከመድረሴ በፊት የተሞከረው

ጋሼ ሁለት አመት ሙሉ እቃ ነው የቀየሩት። መጀመሪያ ሪሲቨሩ ነው ጥፋተኛው ተባሉ፣ ከውጭ ሰው ሲመጣ ሌላ ጥሩ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር አስመጡ፣ ያው ነው። ከዛ ኬብል ቀየሩ፣ የብር ቅብ ያለውን በመዳብ፣ ያው ነው። ከዛ አንድ ወዳጃቸው «ለስል ስፒከር ባለ ቲዩብ አምፕ ነው መድሃኒቱ» አላቸው፣ እንደ ድሮ ሬዲዮ ውስጡ አምፖል የሚበራው ማለት ነው፣ 8 ዋት የሚሰጥ ገዙ። እሱ ጭራሽ አባሰው። በመጨረሻ የእንቁላል ትሪ ስፒከሮቹ ጀርባ ግድግዳው ላይ ለጠፉ፣ ይሄም ምንም አልረባም፣ ስስ ካርቶን ስለሆነ ድምፁን የመዋጥ አቅም የለውም።

ይሄን ሁሉ ሲነግሩኝ በመሃል አንድ ነገር ጣል አደረጉ፣ «እዛ ቤቴ እንዲህ አይሉም ነበር እኮ» አሉ። ያው ስፒከር፣ ያው ሪሲቨር። እዛ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ የለበሰ ቤዝመንት ውስጥ ነበሩ፣ ትልቅ ሶፋ፣ መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ። ይሄ አንድ አረፍተ ነገር ሁለት አመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ተነግሯል፣ ሁሉም ግን የሰማው ስለመብራቱና ስለትራንስፎርመሩ ነው። ትራንስፎርመሩን እኔም ለካሁት፣ ሙዚቃ እየተጫወተ 114 ቮልት ይሰጣል፣ ምንም ችግር የለበትም።

ልኬት

መለኪያ ማይክ አለኝ፣ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር። ከዛ በፊት ግን አንዴ አጨበጨብኩ፣ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ግድግዳና ግድግዳ መሃል «ጭርርር» የሚል ነገር ቀረ፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ይናገራል፣ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

ስፒከሩን ብቻውን በ1 ሜትር ስለካው ከ6 እስከ 12 ኪሎኸርዝ (ኸርዝ የድምፁ ቅጥነት መለኪያ ነው) ወደ 2 ዲሲቤል ተኩል (ዲሲቤል የጩኸቱ መለኪያ ነው) ከፍ ይላል፣ ስለዚ አዎ፣ በተፈጥሮው ስል ነው፣ ጋሼ አልተሳሳቱም። ሶፋው ላይ ስለካ ግን ከ3 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለው ከመካከለኛው ድምፅ በ5 ዲሲቤል ይበልጣል፣ ጆሯችን ደግሞ ከሁሉም በላይ ንቁ የሆነው ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፣ የ«ሰ» የ«ሸ» የ«ጸ» ጉልበትም ከዛው ጀምሮ ወደላይ ነው። በዛ ላይ 107 ኸርዝ ጋ 9 ዲሲቤል የሚሆን ጉድጓድ አለ። ድምፅ ሲያልቅ እስኪጠፋ የሚፈጀው ጊዜ 0.9 ሰከንድ ነው፣ ለሳሎን ሙዚቃ ግማሽ ሰከንድና ከዛ በታች ቢሆን ነው የሚመረጠው።

ጉድጓዱ የመጣው ከ80 ሳንቲሟ ነው። ከስፒከሩ ወደ ኋላ የሄደው ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከፊተኛው ጋር የሚጣፋበት ቦታ አለ፣ እሱም የድምፅን ፍጥነት 343 ለርቀቱ አራት እጥፍ ስታካፍሉት ይገኛል፣ 343 ለ3.2፣ ይኸው 107። የበገናውን ሰውነት የበላው ይሄ ነው።

አምፕሊፋየሮቹን ማወዳደር

ጋሼ ግን አምፕ ላይ ያላቸው እምነት ጠንካራ ነበር፣ በቃል አልሞገትኳቸውም፣ እንሞክረው አልኩ። ሪሲቨሩንና ሁለተኛውን አምፕ በመልቲሜትር ስፒከሩ ተርሚናል ላይ እኩል 2 ቮልት እንዲሰጡ አስተካከልኩ፣ ይሄ ካልተደረገ ሁሌም ትንሽ ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል። ነጠላ ጣል አርገን ሸፈንናቸው፣ እኔ ኬብል እቀይራለሁ፣ እሳቸውና ልጃቸው የትኛው እንደሆነ ይጽፋሉ። ከ12 ዙር ጋሼ 7 አገኙ፣ ልጃቸው 5። ይሄ ሳንቲም ከመወርወር አይለይም።

ባለ ቲዩቡን ከሪሲቨሩ ጋር ስናወዳድር ግን 12 ዙር ላይ ጋሼ 11 አገኙ። ልዩነቱ እውነት ነው፣ አቅጣጫው ግን ከተጠበቀው ተቃራኒ ነው፣ ምክንያቱን ላስረዳ ምክንያቱም አምፕና ስፒከር «ማዛመድ» የሚባለው ነገር በትክክል የሚሰራው እዚህ ጋ ነው። የስፒከር ኦም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን፣ ቋሚ አይደለም፣ የዚህኛው ታች 4 ኦም ይወርዳል፣ ውፈሩና ትዊተሩ የሚገናኙበት 2 ኪሎኸርዝ አካባቢ 18 ይደርሳል። ያ የቲዩብ አምፕ ደግሞ የራሱ የውስጥ ኦም 2 አካባቢ ነው። ስፒከሩ 4 ኦም የሆነበት ቦታ ከቮልቱ 4 ከ6 ነው የሚደርሰው፣ 18 የሆነበት ቦታ 18 ከ20። በዲሲቤል ሲሰላ የ2.6 ልዩነት ነው፣ ማለትም አምፑ የታችኛውን ቀንሶ ያንኑ የሚጮኸውን ሰፈር ከፍ አድርጎታል። ኦሙ ተቃራኒ የሆነ ስፒከር ላይ ያው አምፕ በእውነት ሊያለሰልስ ይችላል፣ ወዳጃቸው የመከራቸውም የራሱ ስፒከር ላይ ሰርቶለት ይሆናል። ጥሩ ትራንዚስተር አምፕ የውስጥ ኦሙ ከ0.1 በታች ስለሆነ ይሄ ልዩነት ወደ 0.1 ዲሲቤል ይወርዳል፣ ለዛ ነው ሁለቱን መለየት ያልተቻለው። 8 ዋቱም በዛ ላይ ትራምፔት ሲነሳ ያልቅበታል፣ ሲያልቅበት ደግሞ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ገንዘብ ሳይወጣ የተሰራው

በዛው ቀን ስፒከሮቹን ወደ ግድግዳው መለስናቸው፣ ከፊታቸው እስከ ግድግዳ 40 ሳንቲም፣ የአየር ቀዳዳቸው ከኋላ ስለሆነ ጀርባቸው ጋ 10 ሳንቲም ተውን። ጉድጓዱ ወደ 214 ኸርዝ ሸሸ፣ ጥልቀቱም 4 ዲሲቤል ብቻ ሆነ፣ ከዛ በታች ያለውን ደግሞ ግድግዳው ራሱ አገዘው። ሶፋውን 50 ሳንቲም ወደፊት ሳብን። እዚህ ጋ እትዬ ደስ አላላቸውም፣ ከሶፋ ጀርባ ባዶ ቦታ መተው ለቤቱ አያምርም አሉ፣ ትክክል ናቸው፣ በኋላ ረጅም ጠባብ ጠረጴዛ አሰርተው አበባ አደረጉበት።

ከዛ የስፒከሮቹን ፊት ከሶፋው አዞርን፣ ቀጥ ብለው ወደፊት እንዲያዩ። ትዊተር ከፍ ያለውን ድምፅ በዋናነት የሚልከው ወዳየበት አቅጣጫ ነው፣ ጎን ስትሆኑ ይቀንሳል። እኔ ስለካው በ10 ኪሎኸርዝ ወደ 2፣ በ15 ወደ 4 ዲሲቤል ወረደ። ጋሼ የሚያውቁት ዘፈን ተከፈተ፣ ዝም ብለው ሰሙ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የርቀት መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዛ በፊት ከእጃቸው አይወጣም ነበር።

አንድ ነገር ግን ተበላሸ፣ ስፒከሩ ቀጥ ሲል ወደ ጎን ግድግዳና ወደ መስኮቱ የሚሄደው ድምፅ በዛ፣ ከግራ በኩል የመስታወት ቃና ያለው ነገር መጣ። ስለዚ ስፒከር ማዞር ብቻውን አይበቃም፣ የጎኑም መሰራት አለበት።

ክፍሉን ማልበስ

ምን ያህል ጨርቅ እንደሚያስፈልግ በግምት አልሄድኩም። ዋላስ ሳቢን የሚባለው የሃርቫርድ መምህር በ1895 እ.ኤ.አ. አንድ የሚያስተጋባ የትምህርት አዳራሽ አስተካክል ተብሎ ማታ ማታ ከቲያትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጣ ሲያስገባና ሲያወጣ፣ የድምፁን ማለቂያ በሰዓት ሲለካ ነው ቀመሩን ያገኘው፣ 0.161 ሲባዛ የክፍሉ ይዘት ሲካፈል ለሚዋጠው ስፋት። የጋሼ ሳሎን ወደ 41 ሜትር ኩብ ነው። 0.9 ሰከንድ ማለት ቤቱ 7 ካሬ የሚሆን መዋጫ ብቻ አለው፣ 0.5 ለማድረስ 13 ያስፈልጋል። 6 ካሬ ይጎድለናል ማለት ነው።

እሱን በሶስት ነገር ሞላን። 2 በ3 ሜትር ወፍራም ምንጣፍ ከነስር ንጣፉ። ለመስኮቱ ከባድ መጋረጃ፣ ጨርቁ የመስኮቱን ወርድ እጥፍ ሆኖ የተሸበሸበ፣ ሽብሽቡ ነው ስራውን የሚሰራው። ሶስተኛው አራት ፓኔል፣ አናጺ 60 በ120 ሳንቲም ፍሬም ሰራልን፣ ከመርካቶ የፍራሽ ጥጥ ገዝተን 10 ሳንቲም ውፍረት ጠቅጥቀን በአቡጀዲ ለበጥነው፣ እትዬ ላዩን ጥለት ያለው ሸማ አለበሱት፣ አሁን የሚያየው ሁሉ ጌጥ ነው የሚመስለው። አንዱ ቀኝ ግድግዳ፣ አንዱ በስፒከሮቹ መሃል፣ ሁለቱ ከሶፋው ጀርባ። የቀኙን ቦታ ያገኘነው በመስታወት ነው፣ ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ልጃቸው የእጅ መስታወት ግድግዳው ላይ እያንሸራተተች ሄደች፣ ጋሼ መስታወቱ ውስጥ ትዊተሩን ያዩበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን።

ሁሉም ሲያልቅ ማለቂያው 0.47 ሰከንድ ሆነ፣ የ3–8 ኪሎኸርዙ ብልጫ ከ5 ወደ 2 ወረደ። ወጪው ተደምሮ የሁለተኛው አምፕ ዋጋ አንድ አስረኛ አልሞላም።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልጻፍ። ከጥጡ በፊት ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ 2 ሳንቲም ተኩል ስስ ስፖንጅ ነበር ያስገዛኋቸው፣ ግድግዳውን ብዙ ቦታ ለጠፍንበት። የሲምባሉ ብልጭታ ጠፋ፣ የትራምፔቱ ጩኸት ግን አለ፣ ቤቱ የታፈነም የሚጮኽም ሆነ። ስስ ነገር የሚውጠው ላይኛውን ጫፍ ብቻ ነው፣ 1 ኪሎኸርዝ የድምፅ ሞገድ 34 ሳንቲም ርዝመት አለው፣ እሱን በጣት ውፍረት ስፖንጅ አትይዙትም። ነቅለን ጣልነው፣ ቀለሙም አብሮ ተላጠ፣ ያስቀባሁት እኔ ነኝ።

የቀረውን በኢኳላይዘር

ጋሼ ከላፕቶፕ ነው የሚያጫውቱት፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባል ሶፍትዌር ጫንኩላቸው፣ ነጻ ነው። መጀመሪያ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ 4 ዲሲቤል ቀነስኩ፣ ግራፉ ቆንጆ ሆነ፣ ማሲንቆው ግን ሞተ፣ የጭራው ክር አውታሩን ሲፈትግ የሚሰማው ያ ሻካራ ትንፋሽ ጠፋ። ጋሼ «ይሄ ማሲንቆ አይደለም» አሉ፣ አበቃ። ወደ 2 መለስኩት፣ ክሩም ተመለሰ፣ ጆሮም አልወጋም። ግራፍ ይመራል፣ የመጨረሻውን ቃል ግን መሳሪያውን በአካል የሚያውቅ ጆሮ ይናገር።

ማታ ማታ ደግሞ ለጎረቤት ብለው ዝቅ አድርገው ነው የሚሰሙት። ዝቅ ሲል ጆሮ ቤዙን ከሌላው ይልቅ ይረሳዋል፣ ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለክተው በ1933 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነገር ነው፣ ስለዚ ያው ሲስተም ማታ ቀጭንና ስል ይመስላል። ከ100 ኸርዝ በታች 3 ዲሲቤል የሚጨምር የማታ ሴቲንግ ለብቻ ሰራሁላቸው።

ሌላ ቤት ላይ የሚወሰደው

ስል ስፒከር ያለው ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሌላ ቤት ውስጥም እንዲህ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ተሸክማችሁ ምንጣፍና አልጋ ያለበት መኝታ ቤት አስገብታችሁ ስሙት፣ እዛ ከተስተካከለ እቃ መግዛታችሁን አቁሙ። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል፣ አቀማመጥ፣ ከዛ ክፍል፣ ከዛ ኢኳላይዘር፣ እኔ ኢኳላይዘሩን ካስቀደምኩ የክፍሉን ማስተጋባት ከስፒከሩ ድምፅ ላይ እየቆረጥኩ ነው፣ ማስተጋባቱ ግን አይነካም።

አምፕ መቀየር ካለባችሁ ሁለት ነገር እዩ፣ የስፒከሩ ኦም የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ፣ የአምፑ የውስጥ ኦም ስንት እንደሆነ። «ሞቃት ድምፅ» የሚል ቃል ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ውጪ ብዙ አይነግራችሁም። ጉልበቱ ለክፍላችሁ ይብቃ፣ በቃ። ስለ ኬብልም ብዙ አልጽፍም፣ ውፍረቱ በቂ ከሆነ ድምፁ ላይ የሚያመጣው የለም።

ቀረጻውንም አትርሱ። ጋሼ ካሏቸው ዘፈኖች ግማሹ ከካሴት ተገልብጦ ከዛ በላዩ ላይ ትሬብል የተጨመረበት ነው፣ እሱን የትኛውም ክፍል አያድነውም፣ ንጹህ የሆነውን ቅጂ ፈልገን ስንተካው ስንት ዘፈን ዳነ።

አሁን ያለበት

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ርዝመቱ 4.2 ሜትር የሆነ ክፍል 41 ኸርዝ ላይ በራሱ ይጮኻል፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ ደግሞ ልክ 41 ነው፣ ስፒከሩ ወደ ግድግዳ ሲጠጋ ይሄ ኖታ በዛ። በኢኳላይዘር 5 ዲሲቤል ቀንሼዋለሁ፣ ሶፋው ላይ ጥሩ ነው፣ በሩ ጋ ከቆማችሁ ግን አሁንም ያጓራል። ቀን ቀን ደግሞ እትዬ ብርሃን ይግባ ብለው መጋረጃውን ይከፍቱታል፣ ስሉ ድምፅ በከፊል ይመለሳል፣ ለሱም ለብቻው የቀን ሴቲንግ አለ።

ባለፈው ሁዳዴ ማይኩን ይዤ ለድጋሚ ልኬት ሄጄ ነበር። በሩን ሳንኳኳ የሚከፍትልኝ ጠፋ፣ ከውስጥ በገና ይሰማል። ልጅቷ መጥታ ከፈተችልኝ፣ እትዬ ሶፋው መሃል ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ በእጃቸው ቁጭ በል አሉኝ። በገናው እስኪያልቅ ማይኩን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።